ሕመሙ ሄዶ እንቅልፉ ያልተመለሰ ሕፃን

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከሐዋሳ ነው። ወንድ ልጄ 9 ወር ሊሞላው 6 ቀን ቀርቶታል። ከሦስት ሳምንት በፊት የሳንባ ምች ይዞት ጤና ጣቢያ ወስጄው ለ5 ቀን አሞክሳሲሊን ታዞለት ጨርሷል። ትኩሳቱ ጠፍቷል፤ ቀን ቀን ይጫወታል። ሌሊቱ ግን አልተመለሰም። ከመታመሙ በፊት ለጡት አንድ ጊዜ ብቻ ይነቃ ነበር፤ አሁን ስድስት ሰባት ጊዜ ይነሣል። ካልታዘለ ወይም ጡት ካልያዘ አይተኛም። ባንክ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ፤ ትናንት ሒሳብ ስዘጋ ቁጥሩ ተደበላለቀብኝ። ባለቤቴ የአዲስ አበባ መስመር ሹፌር ነው። አማቴ ‹እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥ› ይላሉ። ጎረቤቴ ደግሞ ለልጇ የታዘዘ የአለርጂ ሽሮፕ አላት፤ ያስተኛል ትለኛለች። አቅፌ አቅፌ አበላሽቼው ይሆን?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። አላበላሸሽውም። መተንፈስ የከበደውን ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ቀና አድርጎ ማቀፍ፣ ማዘል፣ በጠየቀ ቁጥር ጡት መስጠት ትክክለኛ እንክብካቤ ነበር። ያን ሳምንት ብትጠይቂኝም ያንኑ አድርጊ እልሽ ነበር። አሁን የሚያስቸግርሽ ሌላ ነገር ነው፤ ሕመሙ ሲሄድ ያስለመደው የሌሊት ሥርዓት ቤትሽ ቀርቷል።

የሕፃን እንቅልፍ ወጥ ሆኖ አይዘልቅም። በልጅሽ ዕድሜ በየ50 እና 60 ደቂቃው ገደማ ሳሳ ይላል፤ ልጁ ይገላበጣል፣ ያጉረመርማል፣ አንዳንዴም ዓይኑን ገልጦ ይከድናል። ከመታመሙ በፊትም በሌሊት ደጋግሞ ይነቃ ነበር፤ አንቺ አልሰማሽውም እንጂ። ያኔ አልጋው ላይ ተኝቶ አልጋው ላይ ስለሚነቃ የተለወጠ ነገር የለም፤ ተመልሶ ይተኛል። አሁን ግን የሚያሸልበው ጀርባሽ ላይ ነው። ዓይኑን ሲገልጥ ጀርባሽ የለም፣ ሙቀትሽም የለም፤ ስለዚህ ይጣራል። ዕድሜውም የራሱን ይጨምርበታል። ከ8 እስከ 10 ወር ባለው ጊዜ ሕፃን እናቱ ከዓይኑ ብትሰወርም የሆነ ቦታ እንዳለች ይገባዋል፤ የሆነ ቦታ ካለች ደግሞ ትምጣልኝ ይላል።

ይህን ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን። ቀጠሮ የማይሰጡት በቤትሽ የተነሡት ሁለቱ ሐሳቦች ናቸው። እንጥል አይወርድም። ጉንፋንና ሳል ጉሮሮን ሲያስቆጡት እንጥሉም አብሮ ያብጣል፣ ይቀላል፤ ሕመሙ ሲያልፍ ወደ ልኩ ይመለሳል። ከእንቅልፍ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ሲቆረጥ ግን ደም መፍሰስ፣ መመርቀዝና መንጋጋ ቆልፍ ሊያመጣ ይችላል፤ ምላጩ በሌላ ልጅ አፍ ውስጥ ያለፈ ከሆነ የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ ሊያስተላልፍ ይችላል። ነገ ደግሞ ‹የወተት ጥርስ ነው፣ ይነቀል› የሚል ቢመጣም መልሱ አንድ ነው። በድዱ ላይ ነጣ ብሎ ያበጠው ገና ያልወጣ ጥርስ ነው። የወንጀል ሕጋችን፣ አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ ሕፃናትን የሚጎዱ ልማዳዊ ድርጊቶችን ይከለክላል።

ሕጉን ግን ለአማትሽ አትጥቀሺባቸው። እሳቸው ሲያድጉ የታመመ ልጅ የሚታየው በዚህ መንገድ ነበር፤ የሚናገሩትም የልጅ ልጃቸው አሳዝኗቸው ነው። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ይዘሻቸው ሂጂ። ባለሙያው በባትሪ ጉሮሮውን ሲያይ እሳቸውም አጎንብሰው ይዩ፤ ‹ደህና ነው› የሚለውን ቃል በጆሯቸው ይስሙ። ለሌሊቱ ዋና ረዳትሽ እሳቸው ስለሆኑ ቅር ብሏቸው እንዲቀመጡ አልፈልግም።

ሽሮፑንም ለጎረቤትሽ መልሺላት። እንቅልፍ የሚያመጡት የአለርጂ ሽሮፖች በአብዛኛው እንደ ፕሮሜታዚንና ክሎርፈኒራሚን ያሉ መድኃኒቶችን የያዙ ናቸው። ፕሮሜታዚን ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ ትንፋሹን ሊያዳክምበት፣ ሊያቆምበትም ይችላል። ሳንባው ገና ከሦስት ሳምንት በፊት የታመመ ልጅ ላይ ይህን መሞከር ያስፈራኛል። ማርም ቢሆን፣ ለሳል ተብሎ እንኳ፣ 1 ዓመት ሳይሞላው አይቅመስ።

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ። ከሕመም በኋላ ሌሊት የሚነቃ ሕፃን ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ‹በእርግጥ ድኗል ወይ?› ብዬ ነው። ከዓመታት በፊት አንዲት እናት እንዳንቺው ያለ ቅሬታ ይዛ መጣች። የልጇን ደረት አዳመጥኩ፣ ንጹሕ ነበር፤ ‹ልማድ ነው፣ ይተወዋል› ብዬ ሸኘኋት። ከአራት ቀን በኋላ ስትመለስ ከልጁ ግራ ጆሮ መግል ይፈስ ነበር። ያን ሁሉ ሌሊት ሲያለቅስ የነበረው አሞት ነው፤ እኔ ጆሮውን አላየሁለትም። ከዚያ ወዲህ ሌሊት የሚነቃ ልጅ ጆሮው ሳይታይ ከክፍሌ ወጥቶ አያውቅም።

በሕፃን ላይ ከአፍንጫ ጀርባ ተነሥታ ወደ ጆሮ የምትሄደው ቧንቧ አጭርና አግዳሚ ስለሆነች ጉንፋኑ በቀላሉ ወደ ጆሮ ይሻገራል። ሕመሙ ጋደም ሲል ይብሳል። ስለዚህ ቀን እየሳቀ ውሎ በጀርባው ሲተኛ የሚጮህ፣ ጡት ጀምሮ እያለቀሰ የሚተው፣ ጆሮውን የሚጎትት ልጅ ይጠረጠራል። አንቲባዮቲክ ጨርሷል ማለት ጆሮው ድኗል ማለት አይደለም፤ መታየት አለበት።

ትንፋሹን ደግሞ ራስሽ መቁጠር ትችያለሽ። እንቅልፍ እንደወሰደው ልብሱን ወደ ላይ ግለጪ። ስልክሽ ላይ አንድ ሙሉ ደቂቃ ያዢና ሆዱ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ እያልሽ ቁጠሪ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይሆንም፤ የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ባለ ልጅ በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነውና በማግሥቱ ይታይ። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ለመቀስቀስ ካስቸገረ ግን ንጋትን ሳትጠብቂ ሆስፒታል ውሰጂው። ትኩሳቱ ከተመለሰም በሐዋሳ ወባ አለና የደም ምርመራ ሳይደረግለት ‹ጉንፋን ነው› ተብሎ አይለፍ። ትኩሳት የሌለበት፣ እየቀነሰ የሚሄድ ሳል ብቻ ከሆነ አያስደንግጥሽ፤ ደረት ሲያገግም ሳል ሦስት ሳምንት ያህል ሊከርም ይችላል።

9 ወር ሲሞላው የመጀመሪያውን የኩፍኝ ክትባት ስለሚወስድ ቀጠሮው እጅሽ ላይ ነው። በዚያው ቀን ጆሮው ይታይ፣ ይመዘን፣ የሂሞግሎቢን ምርመራም ጠይቂለት። ይህን ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሕፃን ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የመጣው የብረት ክምችት 6 ወር ገደማ ሲሞላው ይሳሳል፤ ከዚያ በኋላ ከምግብ ካላገኘ፣ በዚያ ላይ ከታመመ፣ ደም ማነስ ይይዘዋል። ብረት ያነሰው ልጅ እንቅልፉ እረፍት የለሽ ነው፤ የምግብ ፍላጎቱም ይቀንሳል። መዳፉን ከራስሽ መዳፍ አጠገብ አድርገሽ በቀን ብርሃን እዪው፤ የገረጣ ከመሰለሽ ለባለሙያው ንገሪ። የብረት ሽሮፕ ግን ሳይመረመር ከፋርማሲ ገዝተሽ አትጀምሪ። የክብደቱን ነጥብ ደግሞ ከመታመሙ በፊት ከነበረው ጋር እንዲያስተያዩልሽ ጠይቂ።

ጆሮውም ደህና፣ ትንፋሹም ደህና ነው እንበል። ያን ጊዜ ብዙ እናቶች ‹ሌሊት ምን ላድርገው?› ይሉኛል። እኔ ግን ‹ቀን ምን በላ?› ብዬ እመልሳለሁ፤ የሕመምተኛ ልጅ ሌሊት የሚጠገነው ቀን ላይ ነውና።

የታመመ ልጅ ቀን ምግብ እምቢ ይልና የጎደለውን ሌሊት በጡት ይሞላል። ሲድን ረሃቡ ይመለሳል፤ የሚበላበት ሰዓት ግን እንደተገለበጠ ይቀራል። ሌሊት ስድስት ጊዜ የጠባ ልጅ ጠዋት ገንፎ ሲመጣለት አፉን ይገጥማል፤ ቀን ያልበላው ደግሞ ሌሊት ይርበዋል። አንቺም ሥራ ስለምትውዪ ቀን ያጣውን ጡት ሌሊት ሊያካክስ ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን ልጅ ሌሊት ጡት ብትከለክዪው ረሃቡ ይብሳል፣ ልቅሶው ይጨምራል። መጀመሪያ ቀኑ ይሙላ።

ከ9 ወር ጀምሮ ያለ ልጅ ከጡት ሌላ በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ ምግብና በመካከሉ 1 ወይም 2 መክሰስ ያስፈልገዋል። ከሕመም የተነሣ ልጅ ደግሞ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ያህል አንድ ተጨማሪ ገበታ ይጨመርለት። ብዛቱን ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚበላም ማየት አለብን። እዚህ ሐዋሳ ለታመመ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው የቡላ ገንፎ ነው። ለሆድ ይቀላል፣ አልቃወመውም። ነገር ግን ቡላ ከሞላ ጎደል ስታርች ነው፤ ፕሮቲኑ በጣም ጥቂት ነው። ለብቻው ሲሆን ሆድ ይሞላል እንጂ የተጎዳ ልጅ አይጠግንም። በወተት አብስዪው፤ ከእሳት ከማውጣትሽ በፊት የተመታ እንቁላል ጨምረሽ በደንብ አማስዪው፤ ለጋ ቅቤ ወይም ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ አክዪበት። ከዚያ በማንኪያ ቅጂና ማንኪያውን አዘንብዪው። ቶሎ የሚንጠባጠብ ከሆነ ውኃ ነው እያበላሽው ያለሽው፤ ማንኪያው ላይ ቆይቶ ቀስ ብሎ የሚንሸራተት ከሆነ ልክ መጥቷል።

ሐይቁ አጠገብሽ ስለሆነ ዓሣም አትርሺ። ቆሮሶ ያለ በርበሬ ቀቅለሽ ሥጋውን በሁለት ጣትሽ ጫፍ እያሸሽ ልቀሚው፤ እሾህ ካለ ከዓይን በፊት ጣት ያገኘዋል። ከድንች ጋር ፍጪለት። በቲማቲም ለስልሶ የተቀቀለ ምስር፣ የበሰለ አቮካዶ፣ ከተገኘም ደቆ የተፈጨ ጉበት ወይም ሥጋ ይቀያየሩለት። ሻይ በዳቦ ግን ይቅርበት፤ ሻይ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል። እምቢ ሲልም አፉን ይዘሽ አታጉርሺው። ትንሽ ቆይተሽ መልሰሽ አቅርቢለት፤ እየተጫወተ፣ እያየሽው ይብላ።

ጡቱን በተመለከተ ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት አንድ ጊዜ ሳትቸኩዪ አጥቢው፤ ማታ እንደገባሽም ሌላው ሥራ ሁሉ ይቆይና ቅድሚያ ለእሱ ይሁን። ከቻልሽ በንጹሕ ዕቃ አልበሽ ተዪለት፤ ያልሞቀ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት ያህል ይቆያል፣ አማትሽ በስኒ ሊሰጡት ይችላሉ። ጡጦ አያስፈልግም።

ስለ መኝታው ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ከሳንባ ምች የተነሣ ልጅ ያለበት ቤት ብርድን ይፈራል፤ መስኮት ይዘጋል፣ ኮፍያ ይደረግለታል፣ ጋቢ ይደራረብበታል። የሐዋሳ ሌሊት በአብዛኛው ይህን ያህል አይበርድም። እጅሽን ማጅራቱ ላይ አድርጊ፤ ላብ ካለው የሚያስነሣው ሙቀት ነውና አንድ ልብስ ቀንሺ፣ ኮፍያውንም አውልቂ። አጎበሩ ግን አይነሣ። ሌላው ጭስ ነው። ቡናውን፣ ዕጣኑንና ከሰሉን እሱ ከሚተኛበት ክፍል አርቁት፤ የሚያገግም ሳንባ ጭስ ሲያገኘው ሌሊት በሳል ይነቃል። የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ማሳደር ደግሞ ሰው ይገድላል።

አሁን ሌሊቱን ከጀርባ ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ አልጋ ቀስ አድርገን እናወርደዋለን። ማታ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ጠገብ ያለ ምግብ ይብላ፤ ገላው ይታጠብ ወይም ይታበስ፤ መብራቱ ይቀነስ፣ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፤ ከዚያ ጡት። ይህ ቅደም ተከተል በየማታው አይለወጥ፤ ሕፃን ሰዓት አያነብም፣ ተራውን ግን ይለምዳል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ማታዎች አትዘዪው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠሽ ደረትሽ ላይ ያዢው፤ ጀርባውን መታ መታ እያደረግሽ እሹሩሩ በዪው። ዓይኑ ሲከብድና እጁ ሲላላ፣ ፈጽሞ ሳይተኛ፣ በጀርባው አጋድሚው። እጅሽን ወዲያው አታንሺ። መጀመሪያ ሙሉ መዳፍሽ ደረቱ ላይ ይሁን፣ ቀጥሎ ጣቶችሽ ብቻ፣ ከዚያ ምንም። ካለቀሰ አንሺው፣ አረጋጊው፣ እንደገና አጋድሚው። አንድ ማታ አምስት ጊዜ ልትደግሚው ትችያለሽ። በሚቀጥለው ሳምንት ከጭን የሚጀምረው ክፍል እያጠረ፣ አልጋው ላይ በእጅሽ የሚረጋጋበት እየረዘመ ይሂድ።

ሌሊት ሲነቃ ማጉረምረምንና ልቅሶን ለዪ። የሚያጉረመርም ልጅ ብዙ ጊዜ ገና ተኝቷል፤ በዚያ ሰዓት ብታነሺው የቀሰቀስሽው አንቺ ነሽ። በልብሽ እስከ ሃምሳ ቁጠሪ። ከተረጋጋ ተዪው፤ ልቅሶው ከጠነከረ ሳትዘገዪ ድረሺለት፣ መጀመሪያ በእጅሽ፣ ቀጥሎ በድምፅሽ፣ ካልሆነ በእቅፍሽ። የስልክ መብራት አታብሪ። ‹ብቻውን ይተውና አልቅሶ ይልመድ› የሚለውን ምክር ለዚህ ልጅ አልሰጥም። ገና ከሕመም መነሣቱ ነው፤ በዚያ ላይ ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል ለሚተኛ፣ ግድግዳው ከጎረቤት ለሚዋሰን ቤተሰብ የሚሆን ዘዴ አይደለም። በሦስተኛው ሌሊት አንዳችሁ ትሸነፋላችሁ፤ ልጁም ረጅም ልቅሶ ጡት እንደሚያመጣ ተምሮ ያድራል።

ከሌሊቱ ጡቶች ሁለቱን አስቀሪለት፤ ለምሳሌ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገደማ አንዱን፣ ሊነጋጋ ሲል ሌላውን። በመካከል ሲነሣ መጀመሪያ የሚደርሱለት አማትሽ ይሁኑ። አንቺ ስትቀርቢው የወተቱ ሽታ ያነቃዋል፤ የአያት እቅፍ ግን እቅፍ ብቻ ነው። አሥር ደቂቃ ያህል ሞክረው ካልተረጋጋ አጥቢው፤ እንደ ሽንፈት አትቁጠሪው። ቀኑ ሲሞላ የመካከለኞቹ ጡቶች እየሳሱ ይሄዳሉ። ‹ጡት ይቁምና ይተኛል› ለሚሉሽም አትስሚ። ጡት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይጠቅመዋል፤ ከሕመም ማግሥት ደግሞ ከምንጊዜውም በላይ።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ጎህ ሳይቀድ መሪ የሚይዝ ሰው ሌሊት እንዲነሣ አልጠይቅም። እንቅልፍ ያጣ ሹፌር ብዙ ነፍስ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። በማግሥቱ በማይጓዝበት ሌሊት ግን ተራው የእሱ ይሁን፤ አንቺም ሌላ ክፍል ካለ እዚያ፣ ከሌለም ጆሮሽን ሸፍነሽ ተኚ። የቀሩትን ቀናት ልጁ ማታ እንደተኛ አብረሽው ጋደም በዪ። ዕቃው ሳይታጠብ ይደር። በሦስት ሳምንት ያልሞላ እንቅልፍ ቁጥር ቢደበላለቅብሽ የድካም እንጂ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ ለሥራ ኃላፊሽም ቢሆን ልጅሽ ታሞ መክረሙን ንገሪ። ሶፋ ላይ ተቀምጠሽ እያጠባሽ እንቅልፍ እንዳይወስድሽ ተጠንቀቂ፤ ሕፃን በሰውና በሶፋ ትራስ መካከል ተጨንቆ ሊታፈን ይችላል። ልጁ ተኝቶ እንኳ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ምንም ነገር ደስ ካላለሽ ወይም ልቅሶ ልቅሶ ካለሽ በልጁ ቀጠሮ ላይ ስለራስሽም ተናገሪ። ሕክምና አለው።

ሁሉም ነገር ቢሳካ በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ለውጥ አትጠብቂ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚለወጠው ጠዋት ነው፤ ልጁ ማንኪያ ሲያይ አፉን ይከፍታል። ቀጥሎ የምሽቱ የመጀመሪያ እንቅልፍ ይረዝማል። በመጨረሻ የሚለወጠው ንጋት ላይ መነቃቱ ነው። በመካከል አንድ ክፉ ሌሊት ቢመጣ ጆሮውንና ትኩሳቱን አይተሽ ቀጥዪ። በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ ፈቀቅ ካላለ ወይም ክብደቱ ካልጨመረ እንደገና ለሐኪም አሳዪው። የስድስቱ ቀን ቀጠሮ ሲደርስ ክብደቱ ስንት እንደሆነና ጆሮው ምን እንደተባለ ጻፊልኝ፤ ቀን የበላውንም በሦስት ቀን መዝግበሽ ጨምሪበት፤ የሚቀጥለውን ከዚያ ተነሥተን እናያለን።